የጠፋው ተኩላ በእርግጥ ተመልሷልን?

መቀመጫውን በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ዳላስ ከተማ ያደረገው ኮሎሳል ባዮሳይንስስ የተሰኘው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 2025 ያወጣው መግለጫ የዓለም መገናኛ ብዙኃንን ትኩረት ስቦ እንደነበር ይታወሳል። ኩባንያው ከ10 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ከምድረ ገጽ የጠፋውን ‹‹ዳየር ዎልፍ›› የተባለ ግዙፍ ተኩላ በዘረ መል አርትኦት ወደ ሕይወት መመለሱን ነበር ያስታወቀው። ሮሙለስ እና ሬመስ የተባሉት ወንድ ቡችሎች እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024፣ ካሌሲ የተባለችው እንስት ደግሞ በጃንዋሪ 2025 መወለዳቸው ተገልጿል። ታይም መጽሔትም የአንደኛውን ተኩላ ምስል በሽፋኑ ላይ አውጥቶ ‹‹የጠፋ›› የሚለውን ቃል በመስመር ሰርዞታል።

ይህ ዜና ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አንድ ላይ ጠቅልሎ የያዘ በመሆኑ ነጣጥሎ መመልከት ተገቢ ይሆናል። አንደኛው በቤተ ሙከራ ውስጥ የተከናወነው ሥራ ሲሆን፣ ይህም ያለ ጥርጥር ከፍተኛ የሳይንስ ውጤት ነው። ሁለተኛው ለሥራው የተሰጠው ስም ነው። ክርክሩ የተነሳውም በስሙ ላይ ነው።

ሥራው የተጀመረው ከቅሪተ አካል ነው። ተመራማሪዎቹ በኦሃዮ ግዛት ከተገኘ 13 ሺህ ዓመት ካስቆጠረ ጥርስ እና በአይዳሆ ግዛት ከተገኘ 72 ሺህ ዓመት ካስቆጠረ የራስ ቅል ዲ.ኤን.ኤ. አውጥተው የእንስሳውን የዘር መልእክት አነበቡ። እንዲህ ዓይነቱ ጥንታዊ ዲ.ኤን.ኤ. በዘመናት ብዛት የተሰባበረ ስለሆነ በቀጥታ ሕይወት ሊዘራበት አይችልም። የሚቻለው ቁርጥራጩን ገጣጥሞ ማንበብ ብቻ ነው። በመሆኑም ተመራማሪዎቹ ዛሬ በሕይወት ካለው ግራጫ ተኩላ ደም ህዋሶችን ወስደው፣ ክሪስፐር በተባለው የዘረ መል መቁረጫና ማስተካከያ ዘዴ በ14 ዘረ መሎች ላይ 20 ለውጦችን አደረጉ። ከዚያም የተለወጠውን የህዋስ አስኳል የራሷ አስኳል በወጣላት የውሻ እንቁላል ውስጥ አስገብተው ፅንሱን በቤት ውሾች ማህፀን አሳደጉ። ቡችሎቹም በቀዶ ሕክምና ተወለዱ።

የተመረጡት ለውጦች በአብዛኛው የሰውነትን ግዝፈት፣ የራስ ቅልን ቅርጽ እና የፀጉርን መልክ የሚመለከቱ ናቸው። ከ20ዎቹ ለውጦች መካከል 15ቱ ከጥንታዊው ተኩላ የተነበቡ ሲሆኑ፣ የቀሩት አምስቱ ግን ከእርሱ የተወሰዱ አይደሉም። ለዚህ የተሰጠው ምክንያት አስተማሪ ነው። የጥንታዊውን ተኩላ የፀጉር ቀለም የሚወስኑት ዘረ መሎች በግራጫ ተኩላ ላይ ቢገቡ የመስማትና የማየት ችግር ሊያስከትሉ እንደሚችሉ በመገመቱ፣ ሳይንቲስቶቹ ጉዳት እንደማያስከትል አስቀድሞ በሚታወቅ ሌላ መንገድ ነጣ ያለውን ፀጉር አስገኝተዋል። ዓለም በፎቶግራፍ ያደነቀው ያ ነጭ ፀጉር፣ እንግዲህ፣ ከጠፋው እንስሳ የተወረሰ አይደለም።

ቁጥሮቹን አነጻጽሮ መመልከት ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ኩባንያው ራሱ የሁለቱ እንስሳት የዘር መልእክት 99.5 በመቶ ተመሳሳይ መሆኑን ይገልጻል። ይህ አኃዝ ልዩነቱን እጅግ ጠባብ ያስመስለዋል። ነገር ግን የግራጫ ተኩላ የዘር መልእክት ወደ 2.4 ቢሊዮን በሚጠጉ ፊደላት የተጻፈ በመሆኑ የቀረው ግማሽ በመቶ ብቻውን 12 ሚሊዮን ያህል ልዩነት ይሆናል። ከ12 ሚሊዮኑ የተነካው 20 ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2021 በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናት ዳየር ዎልፍ ከግራጫ ተኩላ የዘር ሐረግ የተለየው ከ5.7 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት መሆኑን አመልክቶ ነበር። ኩባንያው ዝምድናው ከዚህ የቀረበ ነው ብሎ ቢከራከርም በቁጥሮቹ መካከል ያለው ርቀት ግን አይጠፋም።

ከዚህም የተነሳ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የውሻ ዘመዶችን የሚያጠና የባለሙያዎች ቡድን ሦስቱ እንስሳት ዳየር ዎልፍም ሆኑ የእርሱ ተተኪ ሊባሉ እንደማይችሉ ወዲያውኑ አሳውቋል። የኩባንያው ዋና የሳይንስ ኃላፊ ቤት ሻፒሮም በወሩ ለኒው ሳይንቲስት መጽሔት በሰጡት ቃል፣ በአንድ ወቅት ከኖረ ዝርያ ጋር በሁሉም ነገር አንድ የሆነ ፍጡር መመለስ እንደማይቻልና እንስሳቱ 20 ለውጥ የተደረገባቸው ግራጫ ተኩላዎች መሆናቸውን አምነዋል። እምነታቸው የሚያስመሰግን ነው። የመጽሔቱን ሽፋን ያየው ሰው ግን ይህን ቃል አንብቦታል ለማለት ያስቸግራል።

እንስሳን እንስሳ የሚያሰኘው ደግሞ ዘረ መሉ ብቻ አይደለም። ተኩላ የመንጋ ኑሮን፣ አደንንና የክልል ጥበቃን ከወላጆቹ ይማራል። ሦስቱ ቡችሎች ግን ያደጉት በሰው እጅ ወተት እየተሰጣቸው ነው። የሚኖሩትም ቦታው በይፋ ባልተገለጸ፣ 800 ሄክታር በሚያህል የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ጥንታዊው ተኩላ ያድናቸው ከነበሩት ግዙፍ እንስሳት አብዛኞቹ ከእርሱ ጋር ጠፍተዋል። ቢመለስ እንኳ የሚመለስበት ቤት የለውም።

የጠፋን እንስሳ የመመለስ ሙከራ በዚህ አልተጀመረም። በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር በሚገኙት የፒሬኒስ ተራሮች ይኖር የነበረው ቡካርዶ የተባለ የተራራ ፍየል፣ በእኛ ዘንድ በሰሜን ተራሮች የሚገኘው ዋልያ የቅርብ ዘመድ ነው። የመጨረሻዋ ቡካርዶ ሴሊያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2000 ዛፍ ወድቆባት ስትሞት፣ ከአንድ ዓመት በፊት ከጆሮዋ የተወሰደ ህዋስ በቅዝቃዜ ተጠብቆ ነበር። ከዚሁ ህዋስ በተሠሩ ፅንሶች ከተደረጉት በርካታ ሙከራዎች አንዲት ግልገል ብቻ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2003 ተወለደች። ሳንባዋ የተበላሸ ስለነበር በተወለደች በደቂቃዎች ውስጥ ሞተች። ቡካርዶ በታሪክ ሁለት ጊዜ የጠፋ ብቸኛው ዝርያ እየተባለ የሚነገርለት በዚህ የተነሳ ነው። ግልገሏ ብትተርፍ እንኳ ችግሩ አይፈታም ነበር። የሴሊያ ቅጂ የሆነች እንስት ያለ ወንድ ዘር መተካት አትችልም፤ ከአንዲት እንስሳ ህዋስም ዝርያ አይቆምም።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2028 የመጀመሪያውን ጥጃ ለማየት ባለመው በማሞዝ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። የመጨረሻዎቹ ማሞዞች በሳይቤሪያ ሰሜን በሚገኘው ራንጌል ደሴት እስከ 4 ሺህ ዓመታት በፊት ድረስ ይኖሩ ነበር። የጊዛ ፒራሚዶች በተሠሩበት ዘመን እነርሱ ገና በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ይፋ የተደረጉት ጸጉራም አይጦች ለዚህ ዕቅድ እንደ መለማመጃ የቀረቡ ናቸው። አይጥ ግን ሦስት ሳምንት ብቻ አርግዛ ትወልዳለች። የእስያ ዝሆን ወደ 22 ወራት የምታረግዝ፣ ራሷም ለመጥፋት የተቃረበች ናት። በሴሊያ ላይ እንደታየው ከአንድ ስኬት በስተጀርባ ብዙ የከሸፉ ፅንሶች ካሉ፣ እነዚያን ፅንሶች በማህፀናቸው የሚሸከሙት የትኞቹ ዝሆኖች ናቸው? ኩባንያው ሰው ሠራሽ ማህፀን የመሥራት ሐሳብ እንዳለው ይገልጻል። እስካሁን ግን የትኛውንም አጥቢ እንስሳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሰው ሠራሽ ማህፀን ማሳደግ አልተቻለም።

ይህ ሁሉ የሳይንቲስቶች የውስጥ ክርክር ሆኖ ሊቀር በቻለ ነበር። ስሙ ወደ ፖለቲካው መድረክ ባይሻገር ኖሮ። ዜናው በወጣበት ዕለት የአሜሪካ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዳግ በርገም ባስተላለፉት መልእክት የዳየር ዎልፍን መመለስ የአዲስ ዘመን ብሥራት አድርገው አወድሰው፣ ሀገራቸው ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን በምትዘረዝርበት አሠራር ላይ ያላትን አመለካከት መለወጥ እንደሚገባት አመልክተዋል። የአስተያየታቸው መንፈስ የሚታይ ነው። የጠፋ ነገር የሚመለስ ከሆነ የሚጠፋውን ለመጠበቅ የወጣው ሕግ ለምን ጥብቅ ይሆናል? የዚህ ጸሐፊ ሥጋትም እዚሁ ላይ ነው። አደጋው ተኩላው ከግቢው የማምለጡ ጉዳይ ሳይሆን፣ ‹‹ተመልሷል›› የሚለው ቃል የሕግ ጠባቂዎችን ልብ ማላላቱ ነው።

ሕግ ሲዘገይ ምን እንደሚሆን በአውስትራሊያ ታይቷል። የታዝማኒያ ነብር የሚባለው ሥጋ በል እንስሳ በሕግ እንዲጠበቅ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1936 ሲሆን፣ በሰው እጅ የነበረው የመጨረሻው እንስሳ ከ59 ቀናት በኋላ በሆባርት ከተማ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ሞተ። ኮሎሳል ዛሬ ይህንንም እንስሳ ለመመለስ እየሠራ መሆኑን ይገልጻል።

ወጪውንም በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2017 በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ዝርያዎች ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ መንግሥታት ውስን የጥበቃ በጀታቸውን የጠፉትን ወደ መመለስ ቢያዞሩ ከሚያተርፉት ይልቅ የሚያጡት ዝርያ ሊበዛ እንደሚችል አሳይቷል። እርግጥ ነው፣ በጃንዋሪ 2025 ዋጋው 10.2 ቢሊዮን ዶላር የተገመተው ኮሎሳል የሚንቀሳቀሰው በግል ባለሀብቶች ገንዘብ ነው። እነዚህ ባለሀብቶች ተኩላው ባይኖር ገንዘባቸውን ለብሔራዊ ፓርኮች ጥበቃ ይሰጡ ነበር ብሎ መደምደም የዋህነት ይሆናል።

ይሁን እንጂ ይኸው ቴክኖሎጂ ገና ላልጠፉት ሲውል የሚሰጠው ጥቅም ሊካድ አይገባም። ጥቁር እግር ፌሬት የተባለችው ትንሽ የሰሜን አሜሪካ ሥጋ በል እንስሳ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ዛሬ ያሉት ፌሬቶች በሙሉ የተገኙት ከሰባት እንስሳት ብቻ በመሆኑ የዘር ልዩነታቸው እጅግ ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ከሞተችና ዘሯ ካልቀጠለ ፌሬት የተጠበቀ ህዋስ ከ30 ዓመታት በላይ በቅዝቃዜ ቆይቶ፣ በዲሴምበር 2020 ኤልዛቤት አን የተባለች ቅጂ ተወለደች። በ2024 ደግሞ ከዚያው ህዋስ የተገኘችው አንቶኒያ ራሷ ግልገሎች ወለደች። በዚህ መንገድ ጠፍቶ የነበረ የዘር ሀብት ወደ ሕያው መንጋ ተመልሷል። መጽሔት በሽፋኑ አላወጣውም እንጂ ውጤቱ ከነጩ ተኩላ የሚበልጥ ነው። በጎረቤታችን ኬንያም ሱዳን የተባለው የመጨረሻው ወንድ ሰሜናዊ ነጭ አውራሪስ እ.ኤ.አ. በማርች 2018 ሲሞት፣ የቀሩት ልጁ ናጂንና የልጅ ልጁ ፋቱ የተባሉ ሁለት እንስቶች ብቻ ነበሩ። ሳይንቲስቶች አስቀድሞ ከተጠበቀ የወንድ ዘር ፅንስ አዘጋጅተው በሌላ የአውራሪስ ዝርያ ማህፀን ለማሳደግ እየጣሩ ይገኛሉ።

ጉዳዩ ለሀገራችንም ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ቁጥሩ 500 ያህል ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባሌ ተራሮች ይኖራል። ከዳየር ዎልፍ በተለየ መልኩ ቀይ ቀበሮን የሚያሰጋው ምን እንደሆነ በትክክል ይታወቃል፤ ከቤት ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር፣ እንዲሁም የመኖሪያው መጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ክትባቱን በሥጋ ውስጥ አድርጎ በምሽት ለቀበሮዎቹ የማቅረብ ሥራ ተጀምሯል። ይህ ሥራ ክሪስፐርን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ክትባት፣ በቅሎና ብርዱን ተቋቁሞ ሌሊቱን የሚሠራ ባለሙያ ነው።

በሌላ በኩል የቀይ ቀበሮና የዋልያ ህዋስ በቅዝቃዜ ተጠብቆ ቢቀመጥ ከፌሬቷ ታሪክ እንደታየው ከ30 ዓመት በኋላ የሚያስገኘው ጥቅም ሊኖር ይችላል። ያ ህዋስ የት ይቀመጣል፣ በማን ፈቃድስ ይወጣል የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለ ጄኔቲክ ሀብቶች አርክቦት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የእነዚህ ሀብቶች ባለቤት መንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ መሆናቸውን ደንግጎ፣ ያለ ፈቃድ መውሰድን ይከለክላል። ልውጥ ሕያዋንን የሚመለከተው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001ም በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ሕጎቹ የወጡት በአመዛኙ አዝርዕትን ታሳቢ በማድረግ በመሆኑ፣ በአንድ ጠብታ ደም ውስጥ ያለ የዱር እንስሳ ዘር ባሕር ማዶ ተነብቦ ለንግድ ቢውል እንዴት እንደሚዳኝ ከወዲሁ መመርመር ያስፈልጋል።

በዓለም አቀፍ ደረጃም መግባባት ገና አልተደረሰም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 የጠፉ ዝርያዎችን ተተኪ ስለ መፍጠር መመሪያ አውጥቶ ነበር። በኦክቶበር 2025 በአቡ ዳቢ ባካሄደው ጉባዔ ደግሞ ዘረ መላቸው የተለወጠ የዱር ፍጥረታት ወደ ተፈጥሮ እንዳይለቀቁ ለጊዜው እንዲታገድ የቀረበለት ሐሳብ በጠባብ የድምፅ ልዩነት ውድቅ ሲሆን፣ ቴክኖሎጂው በእያንዳንዱ ጉዳይ ተመዝኖ እንዲታይ የሚያስችል ፖሊሲ ጸድቋል። ሦስቱ ተኩላዎች በአጥር ውስጥ ያሉ በመሆናቸው ውሳኔው እነርሱን አልነካም።