ወንዝ ይሉኝታ አያውቅም

የወር ደመወዛቸውን የተቀበሉ ጓደኛሞች ዓርብ ማታ በአንድ ሻይ ቤት ሲሰበሰቡ ከሁለት ነገር አንዱ መወለዱ አይቀርም፤ ወይ ዕቁብ ነው፣ ወይ ጉዞ ነው። እኛ ስድስት የሆሳዕና ወጣቶች በግንቦት ወር ተሰብስበን የወለድነው ጉዞ ነበር። ከስድስቱ ሁለታችን የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ነን፤ ሁለቱ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ጀማሪ ሠራተኞች ናቸው፤ የቀሩት ሁለቱ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ሐሳቡን ያመጣው ከተማሪዎቹ አንዱ፣ እኔው ራሴ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። ስልኩን አውጥቶ በአየር የተነፋ ትልቅ የጎማ ጀልባ፣ በውስጡም ቀይ ሰደርያ ለብሰው የሚጮኹና የሚስቁ ሰዎች፣ ከሥራቸውም አረፋ የሚደፍቅ ውሃ አሳየን።

«ይህ ራፍቲንግ ይባላል። ቀን ወንዝ እየወረዱ፣ ማታ በጫካ ሎጅ ማደር ነው። ጊቤ እኮ ደጃችን ነው፤ ምን እንጠብቃለን?» አለ።

እውነቱን ነው፤ ጊቤ ደጃችን ነው። ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእንሰቱና ከባቄላው ማሳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ቁልቁል የሚወርድ ሰው አገሩ ቀስ በቀስ ቆላ ይሆንበትና ከሸለቆው ሥር ወንዙን ያገኘዋል። ከላይ ጊቤ፣ ዝቅ ሲል ኦሞ የሚባለው ይኸው ወንዝ የሀዲያን ቆላ ከየምና ከጅማ አገር ለይቶ፣ በጠምባሮ፣ በወላይታና በዳውሮ ቆላዎች በኩል አልፎ፣ በመጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ይገባል።

ሆኖም ይህን ወንዝ በጎማ ጀልባ ወርደው ዝናውን ለዓለም ያሰሙት የአገሩ ልጆች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1973 ሪቻርድ ባንግስ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ኦሞን ወረደ። የጉዞ ድርጅታቸውንም በጥንት ግብፃውያን የአዞ አምላክ ስም ሶቤክ ብለው ሰየሙት፤ በወንዞቻችን ላይ ይፈሩት የነበረው አዞን ነበርና። ከዚያም በኋላ የውጭ አገር ጐብኚዎች ክረምቱ ሲወጣ በመስከረምና በጥቅምት እየመጡ ይህን ወንዝ ይወርዱ ነበር። እነርሱ ባሕር ተሻግረው የሚመጡለትን ወንዝ ግን ከስድስታችን አራታችን በዐይናችን እንኳ አይተነው አናውቅም። ሐሳቡን በአንድ ማታ ውሳኔ ያደረገው ይህ ቁጭት ነው።

ወረቀት ተዘረጋ። ቀኑ ነሐሴ፣ ትምህርት ሳይከፈት እንዲሆን ተባለ። ጀልባ፣ ምግብ፣ ሎጅ፣ መኪና፣ ካሜራ እያልን ጻፍን። በኋላ ወረቀቱን መልሼ ስመለከተው ካሜራ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ ገመድ ግን አንድ ጊዜም አልተጻፈም።

ልንለያይ ስንነሣ በመካከላችን ያለችው ብቸኛ ሴት፣ «ለመሆኑ ሁላችንም ዋና እንችላለን?» ብላ ጠየቀች። ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ አንዱ «እንዴታ!» አለ፤ ሌላው «ትንሽ ትንሽ» አለ። እኔም ባስተማርኩት ልጅ ፊት «አልችልም» ማለት አፍሬ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ውድ አንባቢ ሆይ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ እኔ ከጉልበቴ በላይ የሚደርስ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።

ከጓደኞቻችን አንዱ ወንዙ አጠገብ የሚኖሩ ዘመድ አሉት። ሽማግሌው በማግሥቱ በቆሎ ለመሸጥ ወደ ገበያ መጥተው ነበርና ሻይ ጋብዘን ምክር ጠየቅናቸው።

«መቼ ልትወርዱ አስባችኋል፣ ልጆቼ?» አሉን።

«በነሐሴ ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጡ። «በነሐሴ እኛ ከብቶቻችንን እንኳ ወደ ወንዙ አናስጠጋም። በኛ ሰፈር ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ከላይ አገር የዘነበው ድንገት ይደርሳል፤ ግንድ ነቅሎ ይዞ ይመጣል። ለመሆኑ ዋና ትችላላችሁ?»

«እንችላለን» አልን በአንድ ድምፅ።

«ጐሽ! እንግዲያው ከኔ ትሻላላችሁ። እኔ እዚያው ወንዝ ዳር ተወልጄ እዚያው አረጀሁ፤ ዋና ግን አልችልም። እንደማልችል ስለማውቅ ወሰኔን አላልፍም።»

ፊቴ ጋለ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ ጥቂት ልጆች ፊት ያለ አንዳች ኀፍረት «አልችልም» ሲሉ፣ እኔ ዲግሪዬን ይዤ በአንዲት ቃል ዋሽቼአለሁ። «ጋሼ፣ እኔም አልችልም» አልኩ። ያ ልጅ ቀና ብሎ ተመለከተኝና ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ። ቀጥሎም «እኔም» አለ። ሲቆጠር በእውነት ዋና የሚችሉ ሁለት ብቻ ሆኑ፤ ጥያቄውን ያነሣችው ጓደኛችንና ሐዋሳ ያደገው የሥራ ባልደረባዬ።

ይሉኝታ በአገራችን መልካም ነገር ነው። ታላቁን ያስከብራል፣ ችግረኛውን ያስረዳል፣ አፍን ይገራል። ነገር ግን ከስፍራው ያለፈ እንደ ሆነ ጕዳቱ ብዙ ነው። ተማሪው ትምህርቱ ሳይገባው «ገብቶኛል» ይላል፤ ጀማሪው ሠራተኛ አለቃውን መጠየቅ አፍሮ ያልተረዳውን ጽሑፍ ይፈርማል። በክፍል ወይም በቢሮ ከሆነ ጥፋቱ ምናልባት በዝቅተኛ ነጥብ ወይም በተግሣጽ ያልፋል። ወንዝ ግን ሰው ምን ይለኛል ብሎ የገባውን፣ ደፍሮ የገባውንም ለይቶ አያይም። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን እንደ ትምህርት ተያያዝነውና የሚከተለውን አገኘን።

ወንዝ ወራጆች የውሃን አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 6 በሚደርስ ደረጃ ይለኩታል። 1 ዝግ ብሎ የሚፈስ ውሃ ነው፤ 6 ሊቃውንቱም የሚሸሹት ነው። ደረጃው ደግሞ እንደ ወራቱ ይለዋወጣል፤ በጥቅምት መካከለኛ የነበረው ስፍራ በነሐሴ ሙላት የሚያስፈራ ይሆናል። የሠለጠነ መሪ አስቸጋሪ ስፍራ ከመድረሱ በፊት ጀልባውን ዳር አሲዞ፣ በእግሩ ወርዶ ውሃውን ይመለከታል፤ ካላማረው ጀልባውን አሸክሞ በየብስ ያልፋል። ተሸክሞ ማለፍ ለእርሱ ውርደት አይደለም።

የመንሳፈፊያ ሰደርያና የራስ ቁር ዋና ለሚችለውም ለማይችለውም ግዴታ ነው። ከጀልባ የወደቀ ሰው በጀርባው ተንጋልሎ፣ እግሮቹን ወደ ወንዙ መውረጃ አቅንቶ፣ የእግሩን ጣቶች ከውሃው በላይ አድርጎ ይንሳፈፍ። በሚጋልብ ውሃ ውስጥ ለመቆም አይሞክር፤ እግሩ በድንጋዮች መካከል ከተቀረቀረ ውሃው ገፍቶ ይደፍቀዋል። በውሃው ላይ ከተጋደመ ዛፍም ይራቅ፤ ዛፉ ውሃውን ያሳልፋል፣ ሰውን ግን ይይዛል። ጸጥ ባለው ውሃ ደግሞ አዞና ጉማሬ አሉ፤ ስለዚህ ድንኳን ከወንዙ ርቆ ከፍ ካለ ስፍራ ይተከላል፣ ማታም ውሃ ለመቅዳት ብቻን አይወረድም። ቆላው የወባ አገር ስለ ሆነ አጎበርና የሐኪም ምክር የጉዞው ዕቃ ናቸው።

ሥልጠና ያለውም ቢሆን አደጋ አይቀርለትም። እ.ኤ.አ. በ1968 ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተባለው የእንግሊዝ መኰንን የመራው ጓድ ዓባይን በጎማ ጀልባ ሲወርድ ከአባላቱ አንዱ ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ሞቷል። ያ ጓድ የጦር ሠራዊት ሥልጠና፣ ገመድና ሐኪም የነበረው ነው። እኛ የነበረን ስልክ ነው።

ሌላም ያላሰብነው ነገር ነበር፤ ወንዙ ራሱ ተለውጧል። ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጊቤ 3 ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ውሃውም በሸለቆው ውስጥ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ተኝቷል። በ1973 እነባንግስ የታገሉት አረፋማ ውሃ ብዙው ዛሬ ከሐይቅ ሥር ነው። ከሐይቁ በላይም ቢሆን የጊቤ 2 ማመንጫ 26 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ዋሻ ያለፈውን ውሃ ወደ ወንዙ ይለቅቃል። እንግዲህ የድሮ ጐብኚዎችን ጽሑፍ ይዞ የሚወርድ ሰው የሌለ ወንዝ ሲፈልግ ይውላል። ስለ ዛሬው ወንዝ የሚጠየቀው በዳሩ የሚኖረው ገበሬና በአካባቢው ያለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው።

የቀረው የማደሪያው ነገር ነበር። በዳውሮ በኩል፣ ስሙን ከንጉሥ ሃላላ የድንጋይ ካብ የወሰደ ሃላላ ኬላ የሚባል ያማረ ማረፊያ ከሐይቁ አጠገብ ተሠርቷል። ፎቶግራፉን አይተን ሁላችንም ወደድነው፤ ነገር ግን ዋጋውን ከመጠየቃችን በፊት እጃችንን ወደ ኪሳችን ሰደድን። ከመካከላችን አንዱ በደመወዙ እኅቱን የሚያስተምር ነው። ስለ መዋጮው ሲነገር ዝም ብሎ ነበር፤ ተበድሮ ሊከፍል አስቦ ኖሯል። ከሽማግሌው ጋር ከተቀመጥን በኋላ ግን፣ «የዋናው ነገር ከተነገረ ይኸም ይነገር፤ እኔ ለሎጅ የሚሆን ገንዘብ የለኝም» አለ። ማንም አልሳቀበትም። እንዲያውም ሁለታችን እፎይ አልን፤ እኛም አልነበረንም።

ስለዚህ አዲስ ወረቀት ተዘረጋ። ጉዞው ወደ ጥቅምት ተዛወረ፤ ዝናሙ ያባራል፣ ያሆዴና መሳላም ያልፋሉ። ለበዓል ከቤቱ የሚጠፋ ልጅ በሀዲያም በከምባታም ይቅርታ አያገኝምና! በመጀመሪያው ቀን ከመኪና ወርደን ቁልቁለቱን በእግራችን እንወርዳለን፤ ማታ በሽማግሌው ግቢ ድንኳን ተክለን እናድራለን። ስንቃችን ቆጮ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። በሁለተኛው ቀን እሳቸው እየመሩን ወንዙን ከዳር ሆነን እንመለከታለን፤ ውሃ ውስጥ ግን ማንም አይገባም። አራታችን በክረምቱ ዕረፍት ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ አስተማሪ ባለበት ገንዳ ዋና እንጀምራለን። ጀልባው ለሚመጣው ዓመት፣ መሣሪያ ያለውና የሠለጠነ መሪ ሲገኝ፣ እርሱ «ይቻላል» ባለው ስፍራ ይሆናል።

ሐሳቡን ያመጣው ተማሪ ይህን ሲሰማ ቅር አለው። «ስድስት ሰው ቆላ ድረስ ወርዶ ውሃ አይቶ ሊመለስ?» አለ። መልስ የሰጠችው ያቺው ጓደኛችን ናት። «አዎን፤ ስድስት ሰው ወርዶ ስድስት ሰው ሊመለስ» አለችው። ዝም ብሎ ቆየና እርሳሱን ተቀበላት።

እናንተም፣ ተማሪዎችና የሥራ ባልደረቦቼ ሆይ፣ የዕረፍት ጊዜ ሲደርስ ወደ ወንዝ፣ ወደ ተራራ ወይም ወደ ሐይቅ መሄድ ታስቡ ይሆናል። ሂዱ፤ አገሩ የእናንተ ነው፣ ካላያችሁትም በባዕድ ፎቶግራፍ ብቻ ታውቁታላችሁ። ነገር ግን ወረቀቱን ስትዘረጉ አስቀድማችሁ የማትችሉትን ጻፉ። በኛ ወረቀት ላይ በመጀመሪያው መስመር «ዋና የማይችሉ፦ 4» የሚል ሰፍሯል። ከሥሩ ካሉት ስሞች ቀዳሚው የኔ ነው፤ የጻፈውም ያ ያስተማርኩት ልጅ ነው። የራሱን ስም ደግሞ ከኔ ቀጥሎ አስፍሯል።