ድመት ለምን ትመንኩስ?

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይላል ተረታችን። አስመሳይ ሰውን ለመሸንቆጥ የተፈጠረ አባባል መሆኑ አልጠፋኝም። ይሁንና ወርቁን ለመጠቆም ስንል ሰም ያደረግናት አንዲት ፍጡር አለች፤ እስከ ዛሬ ጠበቃ አልቆመላትም። ዛሬ እኔ ልቁምላት። ክሱ የታወቀ ነው፤ ድመት ሥጋን ስላልተወች ትወቀሳለች። መከላከያዬም አጭር ነው፤ ልተወው ብትልም አትችልም።

ዓመል የሆነ ነገር በምክር ይታረማል። የድመት ሥጋ በልነት ግን ዓመል ሳይሆን አፈጣጠር ነው። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የሰው አካል ራሱ ያዘጋጀዋል፤ የድመት አካል ግን የሚበቃትን ያህል መሥራት ስለማይችል ከሥጋ፣ ከዓሣና ከያዘቻት አይጥ ታገኘዋለች። ለወራት ካጣችው የዓይኗ ብርሃን ይደክማል፤ የልቧ ጡንቻ ይላላል። የዓይኑ ጉዳት እ.ኤ.አ. በ1975፣ የልቡ ደግሞ በ1987 በጥናት ተረጋግጧል። ቫይታሚን ኤንም እኛ ከካሮት ስናገኘው እርሷ ከካሮት ልትሠራው አትችልም። በ2005 ደግሞ ተመራማሪዎች የድመት ምላስ ጣፋጭን እንደማያውቅ፣ ምክንያቱም ለዚያ የሚያስፈልጋት ዘረ መል የማይሠራ መሆኑን አሳዩ። የጫግኒን ማንጎ ብትቆርሱላት አይጎዳትም፤ እኛ የምናጣጥመው ጣዕም ግን ለእርሷ የለም። እንግዲህ እንዲህ ሆና የተፈጠረችውን «መንኩሳ ዓመሏን» ብሎ መክሰስ፣ ዓሣን ስለ ምን አትበርም ብሎ እንደ መውቀስ ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። በጫግኒም ሆነ በዳንግላ፣ በእንጅባራም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል፣ በአጽዋማት ወራት በብዙ ቤት ድመትም አብራ ትጾማለች። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ 15፤ ረቡዕና ዓርብ ሳይቆጠሩ። ድስቱ የጾም፣ ማማሰያው የጾም ስለሆነ ለድመቷ የሚደርሳት በሽሮ የራሰ እንጀራ ነው። በአንድ ዐቢይ ጾም ድመት አትታወርም፤ ይህን አጋንኜ አልናገርም። ግን እጠይቃለሁ፤ ጾም በፈቃድ ካልሆነ ምኑ ጾም ነው? እምነትም ኃጢአትም የሌለባትን እንስሳ ማስራብ ለማን ይጸደቅበታል? «ዕቃው እንዳይነካካ ነው» የሚል አለ። አከብረዋለሁ፤ ለዚህም መልሱ ቀላል ነው። አንዲት ትንሽ ድስት ለድመቷ ብቻ ትለይላት። ዶሮ እንደሆነ ሁዳዴ ነው ብላ እንቁላል መጣል አታቆምም፤ እንዲያውም በጾም ወራት ፈላጊው ሲያንስ ዋጋው ቀለል ይላል።

ከጾሙ የከፋው ግን ፍስኩ ነው። ድመት ስትጾም ያዘነ ሰው፣ ፋሲካ ሲደርስ ከዶሮ ወጡ መረቅ ጨልፎ፣ አጥንቱን ጨምሮ ይጥልላታል። ፍቅር ነው፤ ነገር ግን የሚገድል ፍቅር ነው። የወጣችን መሠረት ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። አንድ ኪሎ ለምትመዝን 5 ግራም ያህል ሽንኩርት ጉዳት ለማድረስ በቂ ነው፤ ሦስት ኪሎ ለምትመዝን ድመት 15 ግራም ማለት ነው። መቁላላትም መቀቀልም መርዙን አያጠፋውም። ጉዳቱ በማግስቱ ላይታይ ይችላል፤ ከቀናት በኋላ ድዷ ሲነጣ ወይም ቢጫ ሲሆን፣ ሽንቷ ሲጠቁር፣ ጥግ ይዛ ስትተኛ እኛ «ቡዳ በላት» ወይም «አንድ ነገር ነካት» እንላለን። የነካትስ ወጣችን ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠረ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ያልተጋገረ ቡሆ ሆዷ ውስጥ መፍላቱን ይቀጥላል። ቡና፣ ቸኮሌት፣ ጠላና አረቄ ለእርሷ መርዝ ናቸው። የራስ ምታት ክኒናችን ፓራሲታሞልማ አንዷ ፍሬ ትበቃታለች። ወተትም ቢሆን፣ በተረት መጽሐፍ ሁሉ ድመት ሲልስ የተሳለው ወተት፣ ካደገች በኋላ ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል።

«ከጠገበች አይጥ አትይዝም» የሚሉ አሉ። ይህ የስስታም ፍልስፍና ነው። የአደን ስሜትና ረሃብ በድመት ዘንድ አንድ አይደሉም፤ ጠግባም ታድናለች፤ እንዲያውም በልታ የገደለችውን ሳትበላ ትታው ስትሄድ ያላየ ባለ ድመት የለም። የተራበችዋ ግን ደክማ ትተኛለች፤ ካልሆነም ከጎረቤት ጓዳ ትሰርቃለች፤ ያን ጊዜ «ድመት ሌባ ናት» የሚል ሌላ ክስ ይጨመርባታል። ከዚያ በኋላ የአይጥ መርዝ ገዝተን በጎተራው ሥር እንበትናለን፤ የተመረዘችዋን አይጥ የምትበላውም ያችው ድመት ናት።

ትልቁ ክርክር ግን ይህ ነው፤ «ሰው በሚራብበት አገር የድመት ምግብ ወግ ነው ወይ?» ቀልድ አይደለምና ከልቤ እመልሳለሁ። እኔ ለድመት ከውጭ የሚመጣ የታሸገ ምግብ ግዙ አላልኩም። ከልጅ አፍ ንጠቁ አላልኩም። ወጡ ሽንኩርት ሳይነካው በፊት ከሚቀቀለው ላይ አንዲት ጉርሻ ለዩላት ነው ያልኩት። እኛ በአዊ ለባለውለታ እንስሳ ክብር መስጠት አይጠፋንም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሱን አስጊጦ፣ በዓድዋ የዋለውን ውለታ ያስባል። ድመትም የራሷ ውለታ አላት፤ በቆሎውንና ዳጉሳውን ሌሊት ተነሥታ የምትጠብቅ እርሷ ናት። በዓል ይከበርላት አልልም፤ ደመወዟ አይቆረጥ ነው የምለው።

ደመወዟም ይህ ነው። ቅመም፣ ጨውና ሽንኩርት ያልነካው የተቀቀለ የዶሮ ወይም የበሬ ሥጋ፤ ልብ ሲገኝ ደግሞ የበለጠ፣ በታውሪን የከበረ ነውና። ሲቀቀል ታውሪኑ ወደ ውሃው ስለሚወጣ መረቁንም ጨምሩላት። አጥንቱ የተለቀመለት የበሰለ ዓሣ። የበሰለ እንቁላል፤ ብቻውን ግን ስለማይበቃ ከሥጋ ጋር እየተፈራረቀ። ጉበት በጥቂቱ፣ በሳምንት አንዴ ያህል፤ ሲበዛ ቫይታሚን ኤው ይጎዳታልና። የበሰለ ዱባ ወይም ነጭ ሩዝ በማንኪያ ጫፍ ቢጨመር አይጎዳም። ቋንጣ በበርበሬና በጨው ስለሚታሸት አይሆናትም። ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ፤ በቆላው ሙቀት ደግሞ ይበልጡን።

ተረቱን እንተወው አልልም፤ ግሩም ተረት ነው፤ አስመሳይም ገና ሞልቷል። ግን ከእንግዲህ ስንተርት ሥጋ ስለማያስፈልገው አስመሳይ እንተርት፤ ቆቡን ደፍታ የማታውቀዋን ድመት ግን ከገበታው በፊት ድርሻዋን ሰጥተን እንሸኛት።