መብራቱን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ምሽት ተከራዩት

ጀመዓው ለአዳራሽ የመድረክ መብራት ገንዘብ ሲያዋጣ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ «መርካቶ ሄዶ ጭኖ መምጣት» ነው። እኔ ግን መጀመሪያ እንከራይ እላለሁ።

ሱቅ ውስጥ የማይበራ መብራት የለም። ጥያቄው ደብረ ማርቆስ ላይ እንዴት ይሠራል ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ግን የተሠሩት እስከ 2,000 ሜትር ታስበው ነው። አየሩ ሲሳሳ ፋኑ ሙቀቱን በደንብ አያወጣም። ማታ ኃይሉ ከ220 ቮልት ሲወርድ ወይም ጄኔሬተር ሲነሣ ምን እንደሚሆንም ሱቁ አያሳያችሁም።

ስለዚህ ያንኑ ሞዴል ለአንድ ዝግጅት ተከራዩ። ሦስት አራት ሰዓት ይብራ። የፋኑ ድምፅ ተናጋሪውን ይረብሽ እንደሆነ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ አዳምጡ። በስልክ ቅረጹት፤ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር እየሮጠ ከታየ ያ መብራት ለቪዲዮ አይሆንም።

የሚያከራይ ከጠፋ ከሻጩ ጋር ሞክሮ በመመለስ ተስማሙ። ፊቅህ ይህን «ኺያር» ይለዋል፤ በሻፊዒይ መዝሀብ እስከ ሦስት ቀን ነው። መርካቶ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ሦስት ቀን ጠባብ ናት፤ መሞከሪያውን አዘጋጅታችሁ ግዙ፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን።

«የኪራዩ ገንዘብ ባከነ» የሚሉ አይጠፉም። የባከነውስ ተገዝቶ መጋዘን ውስጥ አቧራ የሚለብሰው ነው። ኪራዩ ትንሽ ነው፤ የሰው አደራ ግን ከባድ ነው። ወላሁ አዕለም።