ፋቡላን የገደላት እገዳው ብቻ አይደለም

ፈረንሳይ ለጋሲዮንን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት በሰጡት ከ40 ሄክታር በላይ በሚሆን ግቢ ዙሪያ የበቀለ የየካ ሰፈር ነው። ረዳቱ «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» እያለ ሲጣራ ግን ፓሪስ ትዝ የሚለው ተሳፋሪ ያለ አይመስለኝም። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ቋንቋቸውን «የሞሊየር ቋንቋ» ይሉታል። ያን ሁሉ ንጉሥና ጄኔራል ትተው ለቋንቋቸው ስም የመረጡት አንድ ሰው የሚያስቅ ተዋናይና ጸሐፊ ተውኔት ነው። ስለዚህ ሰው የማወራው የእኛኑ ጉድ ስለሚያሳየኝ ነው።

«እኛ አገር ኮሜዲ ያላደገው ባለሥልጣን ቀልድ ስለማይወድ ነው» የሚለውን ወሬ ሁላችንም እናውቀዋለን። እውነት አለው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው። ቀልድ የሚወድ ባለሥልጣን የትም አገር የለም፤ ሞሊየርም አላገኘም።

ዣን ባፕቲስት ፖክለን (ኋላ ሞሊየር) በ1622 ፓሪስ ተወለደ፤ የእሱ ዘመኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ የቤተ መንግሥቱን ወንበርና መጋረጃ የሚያሰናዳ ባለሙያ ነበር። ሹመቱ ለልጁ የሚተላለፍ፣ ዕድሜ ልክ የሚያበላ እንጀራ ነው። ልጁ ግን በ1643 ከማድሌን ቤዣርና ከጓደኞቿ ጋር የቴአትር ቡድን አቋቋመ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ቡድኑ ከሰረ፤ ሞሊየርም በዕዳ ታሰረ። ከአበዳሪዎቹ አንዱ ሻማ ሻጭ ነበር፤ ያኔ መድረክ የሚበራው በሻማ ነውና።

ከእስር ወጥቶ ፓሪስን ለቀቀ፤ 13 ዓመት ያህል በየክፍለ ሀገሩ ዞረ። ታሪኩን የሚተርኩ ሰዎች ይህን ዘመን ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘሉታል። ለእኔ ዋናው ይኸው ነው። ነጋዴው በምን እንደሚስቅ፣ ገበሬው በምን እንደሚሰለች፣ አዳራሹ ግማሽ ባዶ ሲሆን እንዴት እንደሚታደር የተማረው በመንገድ ላይ ነው። ቡድኑ ያገኘውን ገቢ በድርሻ ይካፈል ነበር። ቀልዱ ካልሰራ ራት የለም።

በ1658 ወጣቱ ሉዊ 14ኛ ፊት ሲቀርቡ መጀመሪያ ያሳዩት የኮርኔይን ትራጄዲ ነበር። ብዙም አልሞቀም። ሞሊየር ፈቃድ ጠይቆ በየክፍለ ሀገሩ ሲጫወቷት የኖሩትን አንዲት አጭር ቧልት አስከተለ። ንጉሡ ሳቀ፤ አዳራሽ ተሰጣቸው።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1664 ቬርሳይ ላይ «ታርቱፍ»ን አሳየ። ጻድቅ መስሎ ባለጠጋ ቤት ገብቶ የሰውየውን ሚስት የሚመኝ፣ ንብረቱን በስሙ የሚያዛውር አስመሳይ ታሪክ ነው። የሃይማኖቱ ወገን ተቆጣ፣ ለሕዝብ እንዳይታይ ታገደ። በ1667 ስሙን ለውጦ፣ ቃሉን አለሳልሶ መለሰው፤ ባሳየ ማግስት ተዘጋ። የፓሪሱ ሊቀ ጳጳስ የተጫወተውም፣ ያየውም፣ ያነበበውም እንደሚወገዝ አስታወቀ። የተፈቀደው በ1669 ነው። አምስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው።

በእነዚያ ዓመታት ሞሊየር ምን በላ? ከንጉሡ ድጎማ ነበረው፤ አልደብቅም። ግን በር ላይ ከፍሎ የሚገባ ሰውም ነበረው። አንዱ ሲታገድ ሌላ ይጽፋል። እንጨት ለቃሚው ሳይወድ በግድ፣ በዱላ ተደብድቦ ሐኪም የሚሆንበት ኮሜዲ የወጣው በ1666፣ በዚያው በክልከላው መካከል ነው። የንጉሥ ወዳጅነትም ልክ ነበረው። ሞሊየር በ1673 መድረክ ላይ ታሞ፣ በዚያው ሌሊት ሲሞት ቤተ ክርስቲያን ቀብር ከልክላው ነበር። ባለቤቱ ንጉሡን ለምና የተፈቀደላት የማታ ቀብር ብቻ ነው። ከሞተ በኋላ ያቆየው ቡድኑ ነው፤ ባልደረቦቹ መጫወታቸውን ቀጠሉ። በ1680 ከተቀናቃኞቻቸው ጋር ተዋህደው እስከ ዛሬ ያለው ኮሜዲ ፍራንሴዝ ሆኑ።

ወደ እኛ እንምጣ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. ተወልደው፣ ሩሲያ ላይ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው፣ ፈረንሳይንም አይተው የተመለሱ ሰው ናቸው። በ1912 ዓ.ም. ግድም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት እየተባለ የሚቆጠረው እሱ ነው። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያ ተውኔታችን ኮሜዲ ነው። ተረቶቹን ያገኙት ከላ ፎንቴን ነበር፤ ላ ፎንቴን ደግሞ የሞሊየር የቅርብ ወዳጅ ነው። አውሬ ሲናገር የማንም ስም አይነሳም፤ ብልሃቱ ይህ ነበር። ግን መኳንንቱ ማን ቀበሮ፣ ማን አንበሳ እንደሆነ ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። በሹማምንቱ ብልሹነት ላይ እንደተቀለደ ገባቸው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ተከለከለ። ቴአትር ቀና ያለው ከ1923ቱ ንግሥ ወዲህ ነው።

ተክለ ሐዋርያትስ? ወደ መንግሥት ሥራቸው ገቡ። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ ጣሊያን ሊወረን ሲል ጄኔቭ ላይ ለአገራቸው ተከራከሩ። ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ድፍረትም አላነሳቸውም። ያልነበራቸው ቡድን ነው። የሚዞሩበት መንገድ፣ የሚከፍል ሕዝብ አልነበራቸውም። ፋቡላን የተመለከቷት መኳንንት ናቸው፤ የከለከሏትም እነሱው። ተመልካቹና ከልካዩ አንድ ሰው በሆነበት ቤት ቀልድ አንዴ ከታገደ ሌላ የሚሄድበት በር የለውም።

ከዚያ በኋላ የሠራናቸውን ቤቶች ቁጠሩ። ሀገር ፍቅር በ1927፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948፣ ከዚያ ራስና ማዘጋጃ። ሁሉም ድንቅ ተዋንያን አፍርተዋል። ሁሉም የመንግሥት ናቸው። ድርሰቱ ከመድረኩ በፊት በገምጋሚ ያልፋል፤ ተዋናዩ ደመወዝተኛ ነው። የሞሊየርን መንገድ ለመሄድ የሞከሩም ነበሩ፤ መላኩ አሻግሬ የግል ቡድን ይዞ በየክፍለ ሀገሩ እየዞረ ቴአትር አሳይቷል። ስለ እሱ ስንት መጽሐፍ አንብባችኋል?

የዛሬው ቀልደኛ ደግሞ ከደመወዝ ወጥቶ ስፖንሰር ላይ ወደቀ። ስልካችን ላይ ያስቀናል፤ መሐል ላይ ባንክ ያስተዋውቃል፣ ቀጥሎ ሪል እስቴት። አልፈርድበትም፣ ኪራይ አለበት። ግን ቤት የሚያስተዋውቅ ሰው ስለ ቤት ሻጭ ጉድ ሊቀልድ አይችልም። በሌላ በኩል በረከት በላይነህ የጻፈውን «እያዩ ፈንገስ» ግሩም ዘነበ ብቻውን ቆሞ ሲጫወተው ሕዝቡ ትኬት ገዝቶ ገብቷል። አንድ እብድ ፌስታሉን ይዞ አገሩን ሲታዘብ ለመስማት የሚከፍል ሰው አለን ማለት ነው።

እና ምን ይሁን? የእኔ ሐሳብ ትንሽ ነው፤ አዲስ ትልቅ ቴአትር ቤት አልጠይቅም። ከላይ ከቆጠርኳቸው ቤቶች አንዱም የካ ውስጥ የለም። ከፈረንሳይ ወይም ከኮተቤ ተነስቶ ፒያሳና ለገሃር ወርዶ፣ አምሽቶ ታክሲ መጋፋት ቴአትርን ለብዙ ቤተሰብ የበዓል ነገር አድርጎታል። በየወረዳው ግን የስብሰባ አዳራሽ አለ። እሑድ ከሰዓት ለግል ቡድኖች በቅናሽ ይከራይ፣ የትኬቱ ገንዘብ የቡድኑ ይሁን፤ ቡድኑ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ይዙር፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ደሴ። «ማን ይገመግማል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። 50 ብርም ቢሆን ከፍሎ የገባ ሰው ይገምግም፤ ካልሳቀ በሳምንቱ አይመጣም።

የመጀመሪያው ተውኔትም ሩቅ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሞሊየርን አማርኛ አናግሮታል፤ ታርቱፍን «አወናባጅ ደብተራ»፣ በግድ የታከመ ሳይሆን በግድ ያከመውን እንጨት ለቃሚ «የፌዝ ዶክተር» ብሎ። ደብተራው ዛሬ ምን ለብሶ፣ በየትኛው ቴሌቪዥን እንደሚታይ እናንተው ታውቃላችሁ፤ እሱ ይቆይ፣ ቡድኑ ጥርስ ሲያወጣ ይመጣል። በእንጨት ለቃሚው ይጀመር። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ፈረንሳይን አቋርጠው ነው የሚያልፉት፤ ለእነሱ መግቢያው በነጻ ይሁን።