ሕፃኑም መንገደኛ ነው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፥ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም አልፎ፥ ወደ እንጅባራና ወደ ዳንግላ የሚዘልቀው ጎዳና በበዓላትና በትምህርት ቤት ዕረፍት ወራት ዘመድ ሊጠይቅ በሚጓዝ ቤተሰብ ይሞላል፤ ከዚያም ቤተሰብ መካከል መቀመጫ ሳይቈጠርለት፥ አሳቡም ሳይጠየቅ፥ በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ የሚሄድ ሕፃን የማይገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ይህ ሕፃን እንደ ሻንጣ ተጭኖ ከቤት ወደ ቤት የሚደርስ ጓዝ ሳይሆን፥ ዐይን፥ ጆሮና ልቡና ያለው ሙሉ መንገደኛ መሆኑን ወላጅም፥ ሹፌርም፥ የመንገድ ዳር ከተማም እንዲያምንለት ነው።

የጉዟችን ልማድ ግን ከዚህ የራቀ ነው። ሕፃኑ ገና ሳይነጋ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ በጋቢ ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ብርድ ይመታዋል ተብሎ መስኮቱ ይዘጋል፥ መጋረጃውም ይሳባል፤ ማልቀስ ሲጀምር ስልክ ይሰጠዋል፤ ዐይኑንም ከስልኩ ሳይነቅል ጠመዝማዛውን ዳገት ሲያጋምስ ፊቱ ይገረጣል፥ ያልበዋል፥ ያስመልሰዋል። ያን ጊዜ ሎሚ ተቈርጦ ይሰጠዋል፥ ፌስታልም ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላል፤ ልጁም «መኪና አይስማማውም» ተብሎ ይደመደምበታል። የሕክምና ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ግን ይህ ሕመም የሚመጣው፥ በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን ክፍል የመኪናውን መዞርና መወዛወዝ ለአንጎል ሲነግር፥ በስልኩ ላይ የተተከለው ዐይን ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም እያለ ስለሚያስተባብል ነው፤ ከ2 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜም እጅግ ይበረታል። ለዚህ ከሚመከሩት መፍትሔዎች አብዛኞቹ ሩቁን አድማስ መመልከት፥ ንጹሕ አየር ማግኘትና በየጊዜው ወርዶ ማረፍ ስለ ሆኑ፥ ለሕፃኑ ሆድ የሚበጀውና ለልቡናው የሚበጀው አንድ ሆኖ ይገኛል።

የዓባይን ሸለቆ እንውሰድ። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ቍልቍል ሲወረድ የሕፃኑ ጆሮ ይደፈናል፤ የሚጠባ ቢሆን ጡት፥ ከፍ ያለ ቢሆን ጥቂት ውሃ ቢሰጠው መዋጡ ጆሮውን ይከፍትለታል። ከዚያ ወዲያ ከደጋ ወደ ቈላ ወርዶ በደጀን በኩል እንደገና ወደ ደጋ የሚወጣው ልጅ፥ ማለዳ ያሞቀው ጋቢ እኩለ ቀን ሳይሆን እንደ ከበደው፥ ዝንጀሮዎች ከመንገዱ ዳር እንደ ተቀመጡ፥ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ፍጻሜ የተመረቀውና ርዝመቱ ከ300 ሜትር የሚበልጠው የህዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ድልድይ ጎን እንደ ቆመ ያያል። መምህሩ ስለ አየር ጠባይ በሰሌዳ ከሚጽፍለት ከብዙ ዓመት አስቀድሞ፥ ደጋና ቈላ ምን እንደ ሆኑ በገዛ ቆዳው ተምሮታል።

እንጅባራና ዳንግላ የሚገኙበት የአዊ ምድር ደግሞ ለልጅ ዐይን እጅግ ባለጸጋ ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች ማለዳዋ በበጋ እንኳ ይቀዘቅዛል፤ ቀርቀሃም በአካባቢዋ በብዛት ይበቅላል። ባለሙያው ረጅሙን ቀርቀሃ ከአናቱ በገጀራ ጥቂት ከፈት አድርጎ፥ ከዚያ በኋላ እየገፋ እስከ ግርጌው ሲሰነጥቀው፥ አንጓው በተሰበረ ቍጥር የሚያሰማውን ጩኸት ቆሞ ያዳመጠና የተሰነጠቀውን ልጥ በጣቱ የዳሰሰ ሕፃን፥ ቅርጫት ከየት እንደሚመጣ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ፈረስም በዚህ አገር ገበያ የሚኬድበት፥ ሙሽራ የሚታጀብበትና ለቅሶ የሚደረስበት ክቡር እንስሳ ነው፤ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም፥ ጥር 23 ቀን፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፥ በዓሉን በእንጅባራ ያከብራል። በዚያ ቀን በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ በኮርቻና በግላስ ያጌጡትን ፈረሶች ያየ ልጅ፥ ዓድዋ የሚለውን ስም ከመጽሐፍ ሲያገኘው ባዶ ስም አይሆንበትም። በገበያውም ሁለት እናቶች በአዊኛ ሲጨዋወቱ ሰምቶ «ምን አሉ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ አገሩ በብዙ አንደበት የምትናገር መሆንዋን ያለ ስብከት ያውቃል።

ከእንጅባራ አጠገብ፥ ከዋናው መንገድ እምብዛም ሳይርቅ፥ ዘንገና ሐይቅ አለ። በጥንት ዘመን የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የከፈተው ክብ ጕድጓድ ውሃ ሞልቶበት፥ ጥልቀቱ ከ150 ሜትር የሚበልጥ፥ ዙሪያውንም ደን የከበበው ሐይቅ ነው። ሕፃን በዳሩ ቆሞ «ይህን ማን ቈፈረው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ እጁን አጥብቆ ይዞ ከምድር በታች ስላለው እሳት የሚያጫውተው አባት፥ ለልጁ ከመጫወቻ ሁሉ የሚበልጥ ስጦታ ሰጥቶታል። ከዚያም ወደ ዳንግላ ሲኬድ፥ በአዲስ ቅዳም ግራና ቀኝ፥ በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ማሳ ላይ የዲከረንስ ዛፍ በመደዳ ቆሞ ይታያል፤ ዛፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደርሶ ተቈርጦ ከሰል ይሆናል፥ በቦታውም ጤፍ ይዘራና ችግኙ ዳግመኛ ይተከላል። በቤቱ ከጀበና ሥር የሚነደውን ከሰል የሚያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ፥ ያ ፍም የሰው ድካም ያለበት መሆኑን የሚማረው በዚህ መንገድ ላይ ነው። የአዊ ልጅም በተራው ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ ይኸው ሁሉ ይገባዋል።

ሕፃን ያየውን አያስታውስምና ይህ ሁሉ ድካም ለከንቱ ነው የሚሉ አይጠፉም። የቦታው ስም ከአእምሮው ሊጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን ጠይቆ መልስ ያገኘ ልጅ መጠየቅን ይለምዳል፥ ዝም በል የተባለ ልጅ ደግሞ ዝምታን ይለምዳል፤ ከሁለቱ የትኛው ለአገር እንደሚበጅ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

መንገደኛነቱን ያመንንለት ሕፃን ግን አስቀድሞ ደኅንነቱ ሊጠበቅለት ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስገነዝበው፥ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች ከሚገድሉት ምክንያቶች ሁሉ የመንገድ አደጋ ቀዳሚው ነው፤ በአግባቡ የተገጠመ የሕፃን መቀመጫም የትንንሽ ልጆችን ሞት እስከ 60 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። የእናት ክንድ ፍቅሩ ቢበዛም የግጭትን ኃይል አይቋቋምም። ስለዚህ የግል መኪና ያለው ሰው ለልጁ መቀመጫ መግዛትን እንደ ቅንጦት አይቍጠረው፤ በአውቶቡስ የሚሄድም አቅሙ ከፈቀደ ለልጁ ወንበር ይክፈልለት። ሹፌሩም ልጅ ታመመ ሲባል ሥፍራ መርጦ መቆምን እንደ ግዴታው ይየው። የእንጅባራና የዳንግላ ባለ ምግብ ቤቶች ንጹሕ መጸዳጃ፥ ጥላ ያለበት መቀመጫ፥ በርበሬ ያልገባበት አልጫ ወይም የተቀቀለ ድንች ለሕፃን ቢያዘጋጁ፥ እንግዳ መቀበል የቈየ ምግባራችን ነውና አዲስ ነገር አልተጠየቁም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መንገድ ሰላም ይሻል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቈየው ግጭት መንገዶችን ደጋግሞ ዘግቷል፤ በዚህም ምክንያት አያቶቻቸውን ሳያዩ፥ አያቶቻቸውም ሳይመርቋቸው የሚያድጉ ሕፃናት አሉ። ይህ ጕዳት በማንኛውም ወገን መዝገብ አይጻፍም፤ ቢሆንም እውነተኛ ጕዳት ነውና፥ ነገሩን በእጃቸው የያዙ ሁሉ ስለ ሰላም ሲመክሩ ይህንም በኅሊናቸው ያኑሩት።

መንገዱ በሰላም በተከፈተላችሁ ጊዜ፥ ወላጆች ሆይ፥ ሲነጋ ተነሡ፤ ከመምሸቱም በፊት ግቡ። ልጃችሁን በመቀመጫው ቀበቶ አስራችሁ በመስኮቱ በኩል አስቀምጡት፥ ስልኩን ከቦርሳ አኑሩት፥ ለጠየቀው ሁሉ መልሱለት፥ የማታውቁትንም በደረሳችሁበት ከተማ አብራችሁ ጠይቁ። ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የደረሰ ቤተሰብ ያጐደለው ነገር የለም፤ አገሩን ሳያይ ያደገ ልጅ ግን ብዙ ጐድሎበታል።