የተቆራኙ ቅንጣቶች ምን ይሉናል?

ስለ ኳንተም ቁርኝት በተነሣ ቁጥር በኛ በተማሪዎች ዘንድ ሁለት ወገን ይታያል። አንደኛው «ሰው በሐሳብ ብቻ ከሩቅ መነጋገሩ በሳይንስ ተረጋገጠ» እያለ ፊዚክስን ከጠንቋይ ጨሌ ጋር ያዳብላል። ሁለተኛው «ቀመሩን ሠርተህ ፈተናህን እለፍ፤ ትርጓሜው ትልልቅ ላቦራቶሪ ላላቸው አገሮች ይቆይ» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል እላለሁ።

ምክንያቴን በጨዋታ ላስረዳ። አንድ ተማሪ በእነዋሪ፣ ጓደኛው በደብረ ብርሃን ይቀመጡ። በተቀጣጠሩበት ሰዓት እያንዳንዳቸው ሳንቲም ይጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ዕጣ ሳይሰማ «አዎን» ወይም «አይደለም» ብሎ ይጻፍ። ሁለቱም ጎፈር ከወጣላቸው መልሳቸው መለያየት አለበት፤ በሌላው ጊዜ ሁሉ ግን አንድ መሆን አለበት። አስቀድመው የፈለጉትን ያህል ቢመካከሩ እንኳ በአማካይ ከ100 ጊዜ ከ75 በላይ የሚያሸንፉበት ዘዴ አያገኙም። የሚጠራጠር ቢኖር ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይሞክረው።

ነገር ግን ለየጨዋታው የተቆራኙ ሁለት ቅንጣቶችን ተካፍለው፣ ዕጣቸው በሚያዘው አቅጣጫ እየለኩ ቢመልሱ 85 ጊዜ ያህል ሊያሸንፉ ይችላሉ። እንግዲህ ነገሩ በሁለት ጥቅል ታሽጎ እንደ ተላከ ግራና ቀኝ ጫማ አይደለም። መልሱ በየቅንጣቱ ቀድሞ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ 75 ላይ በቆመ ነበር። የዚህን ፍሬ ነገር ጆን ቤል እ.ኤ.አ. በ1964 በስድስት ገጽ ጽሑፍ አስረዳ። ክላውዘር፣ አስፔና ሳይሊንገር በሙከራ አጸኑት፤ በ2022ም የኖቤል ሽልማት አገኙበት።

ታዲያ መልእክት ተሻገረ ማለት ነውን? አይደለም። የእነዋሪው ተማሪ የራሱን ወረቀት ብቻ ቢመለከት፣ ጓደኛው ምንም ቢያደርግ ግማሹ «አዎን»፣ ግማሹ «አይደለም» ሆኖ ያገኘዋል። ዝምድናው የሚገለጠው ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲተያዩ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወገን ክርክር ወደቀ።

ለሁለተኛው ወገን ደግሞ የምለው አለኝ። ከሁለት እምነቶች አንዱን መተው ግድ ሆኗል፤ ወይ «ነገር ሳይለካም መልሱን ይዞ ይኖራል» የሚለውን፣ ወይ «በዚያ የተደረገው በዚህ ያለውን ወዲያው አይነካም» የሚለውን። የዴቪድ ቦም ተከታዮች ሁለተኛውን ይተዋሉ። እኔ ግን የመጀመሪያውን ወደ መተው አደላለሁ፤ አንዲት ቃል እንኳ የማያሻግር ንክኪ ንክኪ ሊባል አይገባውምና። ሊቃውንቱ ዛሬም አልተስማሙም።

ለዚህ ክርክር የሚያስፈልገው መሣሪያ ሳይሆን ማሰብ ነው። የቤል ጽሑፍ ከወረቀትና ከእርሳስ ሌላ ምን ፈለገ? ነገሩም ለኛ ባዕድ አይደለም፤ በአገራችን ዶክተር ስንታየሁ ተስፋ በ2006 በሌዘር ብርሃን ቁርኝት ላይ ጥናት፣ ዶክተር ፍሥሐ ካሣሁንም በ2008 የኳንተም ኦፕቲክስ መጽሐፍ አሳትመዋል። ድህነት መሣሪያ ይነፍገን ይሆናል፤ ጥያቄን ግን ሊነፍገን አይችልም። በሐሳቤ የማይስማማ ጓደኛ ቢኖር በሚቀጥለው እትም ይጻፍብኝ።