አረፋን የናቀ ትምህርት

ሳሙና አረፋ እንዲያወጣ ማድረግ ለምርምር የሚበቃ ጉዳይ ነውን? ብዙዎቻችን ጥያቄውን ስንሰማ ፈገግ ብለን የምናልፈው ይመስላል። ኬሚስትሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ቀመርና ለፈተና የሚሸመደድ ሰንጠረዥ ነው ብለን ስለለመድን፣ በየዕለቱ በመዳፋችን ላይ የሚፈጠረውን አረፋ ከሳይንስ ቆጥረነው አናውቅም። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው ለተቃራኒው ሐሳብ ነው። ለደብረ ታቦርና ለደቡብ ጎንደር ደጋ ተማሪ ከሁሉ የሚቀርበው ቤተ ሙከራ የመላጫ ሳሙናው፣ የምንጭ ውሃውና በአጥር ጥግ የበቀለው እንዶድ ነው። ይህን ቤተ ሙከራ ንቆ ማለፍ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍልም የቅርብ ጊዜ ታሪካችን ይመሰክራል።

አረፋ ለምላጭ ምን ይሠራል?

ከምላጩ እንነሣ። የጢም ጸጉር ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ነው። ደረቅ ሲሆን ጠንካራ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ግን የፕሮቲኑን ክሮች እርስ በርስ ካያያዙት የሃይድሮጂን ትስስሮች ብዙዎቹ ይላላሉ። ጸጉሩም ይለሰልሳል፤ ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ኃይልም ይቀንሳል። ለዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ይበቃሉ። እንግዲህ የአረፋ ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው ይህ ውሃ ቶሎ እንዳይደርቅ በጸጉሩ ላይ አቅፎ ማቆየት ሲሆን፣ ሁለተኛው በምላጩና በቆዳው መካከል የሚያንሸራትት ስስ ንጣፍ መሆን ነው።

ንጹሕ ውሃ ብቻውን ይህን ሊሠራ አይችልም። ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ በብርቱ ስለሚሳሳቡ፣ የገጹ ውጥረት በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሜትር 72 ሚሊኒውተን ያህል ይደርሳል። የሳሙና ሞለኪውል ግን አንዱ ጫፉ ውሃ ወዳድ፣ ሌላው ጫፉ ቅባት ወዳድ በመሆኑ በውሃው ገጽ ላይ ተሰልፎ ይህን ውጥረት ከግማሽ በታች ያወርደዋል። አረፋ ማለትም በሁለት የሳሙና ረድፎች መካከል የተያዘ ስስ የውሃ ንጣፍ አየርን ከቦ ሲይዝ ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። ትልልቅና ቀላል አረፋ ለዓይን ቢያምርም ብዙው አየር ነው። ለመላጨት የሚጠቅመው ደቃቅ፣ ጥቅጥቅ ያለና እርጥበት ያዘለ አረፋ ነው። የመላጫ ሳሙና የሚሠሩ ባለሙያዎች ሁለት ነገሮችን የሚመርጡትም በዚህ ምክንያት ነው። በሞራ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ስቴሪክ አሲድ ደቃቅና የሚቆይ አረፋ ይሰጣል፤ የኮኮናት ዘይት በአንጻሩ ቶሎ የሚነሣና ቶሎ የሚበተን ትልቅ አረፋ ያወጣል። በተጨማሪም በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የተሠራ ሳሙና ጠጣር ሲሆን፣ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተሠራው ለስላሳና በውሃ ውስጥ በቀላሉ የሚሟሟ ነው። የጥንት ሰዎች ሳሙና ይሠሩበት የነበረው የእንጨት አመድ ደግሞ የፖታሲየም ካርቦኔት ምንጭ ነው። ተማሪው በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚያውቀው የንጥረ ነገር ስም በእናቱ ምድጃ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

አሠራሩም ቢሆን ሥርዓት አለው። አስቀድሞ ጢሙን በሙቅ ውሃ በሚገባ ማራስ ያስፈልጋል። ብሩሹን ከነከሩ በኋላ ትርፉን ውሃ አራግፎ በሳሙናው ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ማሽከርከር፣ ከዚያም ውሃ በጠብታ እየጨመሩ መምታት ይገባል። አረፋው እንደ ሊጥ ደርቆ ከያዘ ውሃ አንሶታል፤ ከፊት ላይ ከወረደ ደግሞ ውሃ በዝቶበታል። እንደ ጥሩ እርጎ ወፍሮ ሲያንጸባርቅ ደርሷል ማለት ነው። ብሩሽ የሌለው ሰው በጣቶቹ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይህንኑ ማድረግ ይችላል። በጥድፊያ የልብስ ሳሙና ቀብቶ መላጨት ግን ቆዳን ያደርቃል፤ የሳሙና አልካላይነት 9 ወይም 10 ፒኤች አካባቢ ሲሆን፣ የጤናማ ቆዳ ግን 5 ገደማ ነውና።

ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንደ እኛ ጸጉረ ጥቅልል በሆነ ሕዝብ ዘንድ የተላጨው ጸጉር ጫፉ ሾሎ ወደ ቆዳ ተመልሶ በመግባት እብጠትና ጠባሳ ያስከትላል። ደረቅ መላጨት ይህን ያባብሳል። ከዚህም በላይ አንድ ነገር አጥብቀን ማሳሰብ እንወዳለን። አረፋ ምላጭን ከጀርም ነጻ አያደርግም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሊቆይ ስለሚችል፣ የልጆች ራስ ሲላጭም ሆነ በጸጉር አስተካካይ ቤት አንድን ምላጭ ለሁለት ሰው መጠቀም በየትኛውም ሳሙና አይካስም።

ያው ሳሙና፣ ሌላ ውሃ

አንዱ ሳሙና በአንዱ ሰፈር ወዲያው አረፋ ሲያወጣ፣ በሌላው ሰፈር አልወጣው ሲል እናያለን። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ሳሙናው ነው። ጥፋቱ ግን ከውሃው ሊሆን ይችላል። ደቡብ ጎንደር በአብዛኛው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ አገር ነው። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። በዚህ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ የሚወጣ ውሃ እንደየቦታው ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይመጣል። እነዚህ ማዕድናት ከሳሙናው ጋር ሲገናኙ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራሉ፤ ሳሙናው አረፋ ከመሆኑ በፊት በዚህ ላይ ያልቃል። የክረምት ዝናብ ውሃ ግን ከድንጋይ ጋር ገና ስላልተዋወቀ በትንሽ ሳሙና ብዙ አረፋ ያወጣል።

ውሃውን ማፍላት በባይካርቦኔት መልክ ያለውን ካልሲየም ዝቃጭ አድርጎ ያስወግደዋል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ይኸው ነው። እዚህ ላይ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። መጽሐፋችን ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። ደብረ ታቦር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው፤ ስለዚህም በከተማይቱ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትር ይዞ ይህን በዓይኑ ያላረጋገጠ ተማሪ፣ መቶን ቢሸመድድ የፈተናውን መልስ እንጂ የአገሩን ውሃ አያውቅም።

እንዶድና ያስተማረን ነገር

ሳሙና በሱቅ ከመሸጡ በፊት የደጋው ሰው ሸማውን የሚያነጣው በእንዶድ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ነጭ ጋቢና ነጠላ በእንዶድ ሲታጠብ ይበልጥ ያምራል የሚሉ እናቶች ጥቂት አይደሉም። የእንዶድ ፍሬ ደርቆና ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ብዙ አረፋ ያወጣል። አረፋው ግን የሳሙና አረፋ አይደለም። ሳሙና የፋቲ አሲድ ጨው ሲሆን፣ በእንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ቅባት ወዳድ የሆነ ትልቅ የካርቦን ቀለበት ከስኳር ሞለኪውሎች ጋር የተጣበቀበት ውህድ ነው። ሁለቱ በአፈጣጠር ቢለያዩም አንድ ዓይነት ጠባይ አላቸው፤ አንዱ ጫፍ ውሃን፣ ሌላው ጫፍ ቅባትን ይወዳል። ይሁን እንጂ እንዶድን ለጢም መላጫ አንመክርም። ዱቄቱ ያስነጥሳል፤ ዓይንን ያቃጥላል። ሳፖኒኑም የቀይ ደም ሕዋሳትን ሽፋን የሚያፈርስ በመሆኑ ለተቧጨረ ቆዳ የሚሆን አይደለም።

ይኸው የሕዋስ ሽፋን የማፍረስ ጠባይ ነው እንዶድን በዓለም ያስጠራው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ወንዝ ዳር ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው ተመለከቱ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን ተውሳክ የሚያስተላልፉ ናቸው። ከአጣቢዎቹ አንዷ አረፋውን ሕያው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምር ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ከዚያ በኋላ ከአቶ ለገሠ ወልደ ዮሐንስና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ለብዙ ዓመታት ምርምሩን ገፉበት፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ከእንዶድ ከተለዩት ሳፖኒኖች አንዱ «ለማቶክሲን» መባሉም በእርሳቸው ስም ነው።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ ሙስል የተባለች ባለ ዛጎል ፍጥረት የውሃ ቧንቧዎችን እየደፈነች ስታስቸግር፣ እንዶድ እርሷንም እንደሚገድል በኦሃዮ ግዛት በሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተረጋገጠ። በ1990ዎቹም (እ.ኤ.አ.) የዚህ አጠቃቀም የፓተንት መብት በዩኒቨርሲቲው እጅ ገባ። ዕውቀቱን ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት አጣቢ እናቶች ከዚህ ምን ድርሻ አላቸው የሚለው ጥያቄ ዓለም አቀፍ ክርክር አስነሥቷል። አገራችንም የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 482/1998 አውጥታለች። ሕግ ግን ሊጠብቅ የሚችለው የታወቀውንና የተመዘገበውን ነው። ያልመረመርነውንና ያልጻፍነውን ነገር የእኛ ነው ብለን ለመሟገት ብዙ እንቸገራለን።

በደቡብ ጎንደር ጉዳዩ ከክርክርም በላይ ነው። እንዶድ በደጋው ይበቅላል፤ በሜዳው፣ በጣና ዳርቻ ባሉት እንደ ፎገራና ደራ ባሉ ወረዳዎች ደግሞ ቢልሃርዝያ ዛሬም ልጆችን ያጠቃል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በሽታውን ያክማል፤ ልጁ ተመልሶ ወደዚያው ውሃ ሲገባ ግን እንደገና ይያዛል። መድኃኒቱና ቀንድ አውጣውን መቆጣጠር መደጋገፍ አለባቸው የምንለው ለዚህ ነው። እንዶድን ዝም ብሎ ወንዝ ውስጥ መጨመር ግን መፍትሔ አይሆንም፤ ዓሣንም ይገድላልና። መጠኑን፣ ቦታውንና ጊዜውን የሚወስን አካባቢውን የሚያውቅ ተመራማሪ ያስፈልጋል። ይህ ተመራማሪ ዛሬ ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል ተቀምጧል።

«መሣሪያ የለንም» ለሚሉ

«የፋብሪካ ዱቄት ሳሙና ሞልቶ ሳለ ወደ እንዶድ መመለስ ኋላ ቀርነት ነው» የሚሉ አሉ። እኛ ወደ ኋላ እንመለስ አላልንም። የፋብሪካውን ሳሙናም ቢሆን መሥራትና ማሻሻል የሚችለው አረፋ ለምን እንደሚፈጠር የገባው ሰው ነው። «ትምህርት ቤታችን የቤተ ሙከራ ዕቃ የለውም» የሚለው ቅሬታ እውነትነት አለው፤ መንግሥትም ሊመልሰው ይገባል። እስከዚያው ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም።

ሦስት እኩል ጠርሙሶች ይዘጋጁ። በአንደኛው የዝናብ ውሃ፣ በሁለተኛው የምንጭ ውሃ፣ በሦስተኛው ፈልቶ የቀዘቀዘና የጠለለ የምንጭ ውሃ እኩል ይጨመር። የሟሟ ሳሙና በጠብታ እየተቆጠረ ይግባ፤ ከእያንዳንዱ ጠብታ በኋላ ጠርሙሱ ይናጥ። አረፋው ለአንድ ደቂቃ ሳይጠፋ እስኪቆይ ድረስ ስንት ጠብታ አስፈለገ? ቁጥሩ ይጻፍ። ሙከራው በእንዶድ ውሃ ይደገምና ይነጻጸር፤ በዚህ ጊዜ ዓይንና አፍንጫ ይጠበቁ። ተማሪዎች ከየቀበሌያቸው ውሃ አምጥተው ውጤቱን በካርታ ላይ ቢያሰፍሩት ደግሞ የወረዳው የውሃ ጠባይ ካርታ ተጀመረ ማለት ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ መምህራንም ካርታውን በቤተ ሙከራ ልኬት ቢያመሳክሩት ለትምህርት ቤቶቹ ታላቅ ብርታት ይሆናል።

ውድ አንባብያን፣ በአድዋ ወንዝ ዳር ያን አረፋ ያዩ ሰዎች እልፍ ነበሩ፤ ቆሞ የጠየቀው ግን አንድ ነበር። ነገ ጠዋት ሳሙናው አረፋ አልወጣው ሲል ከመማረራችን በፊት ውሃው ከየት እንደ መጣ እንጠይቅ፤ አያቶቻችንም እንዶዱን መቼ እንደሚለቅሙትና እንዴት እንደሚያደርቁት እንዲነግሩን እንለምናቸው፤ የነገሩንንም በደብተራችን እንጻፈው።